ለጥሩወርቅ የተላከው ሽሮ

ውድ ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ሰው ሁሉ በርቺ ይለኛል። አንዳንድ ቀን እበረታለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ካልሲህን ከሶፋው ሥር አገኝና ግማሽ ቀኔ ይበላሻል። ደብዳቤ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሃያ ሦስት ዓመት በትዳር ስንኖር ከሱቅ የሚገዛውን ዘርዝሬ ካልሆነ በቀር አንድ መስመር ጽፌልህ አላውቅም። ምን ብዬ እጽፋለሁ? እዚያው አጠገቤ ነበርክ።

ዛሬ የምጽፍልህ ምስጢራችንን ስላወጣሁት ነው። ስለ ጥሩወርቅ እውነቱን ለእህትህ ለእትዬ አስካለ ነግሬያቸዋለሁ። ገና ከአሁኑ አትቆጣ። እስከ መጨረሻው ስማኝና ከዚያ እንደ ፈለግህ።

መጀመሪያ የቤታችንን ወሬ ልንገርህ። የለንደኗ ሠፈራችን ኬንቲሽ ታውን እንዳለች ናት። ሕንፃችን ላይ አዲስ ሊፍት ተገጥሟል፣ በሩ ሲከፈት አይጮህም። በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ልምምድ ብለህ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች በጀርባ ቦርሳ አሸክመኸኝ ስድስቱን ፎቅ ስታስወጣኝና ስታስወርደኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው አይሪሽ ጎረቤታችን ሊፍቱ የተበላሸ እየመሰላት ስልክ ትደውል እንደነበር ታስታውሳለህ? ዛሬም ስለ አንተ ስታነሳ ያ ደረጃ የሚወጣው ሰውዬ ነው የምትልህ። እኔ ግን አንተ ከሄድክ ወዲህ ደረጃውን ረግጬው አላውቅም ነበር። የተራራ ጫማህ በረንዳው ላይ ነው። ከሶሉ ስንጥቅ ውስጥ የአሜሪካ፣ የዩታ ቀይ አፈር አለ። ላጥበው እወጣና ሳላጥበው እገባለሁ። አንተ ትነዳው የነበረው ቁጥር አውቶብስ ባጠገቤ ባለፈ ቁጥር ሾፌሩን ቀና ብዬ አያለሁ፤ አንተ እንዳልሆንክ እያወቅሁ አያለሁ።

አሁን ወደ ጥሩወርቅ ልመለስ። የምታውቀውን ነገር ከመጀመሪያው ስደግምልህ ትዕግሥት ይኑርህ። ከእኔና ከአንተ ሌላ የሚያውቀው ሰው አልነበረም፣ አንዳችን ሄድን፣ የቀረሁት እኔ ካልጻፍኩት እንዳልነበረ ይሆናል።

ውሸቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ያሳመርከው ግን አንተ ነህ፣ ይህን አትካድ። መጀመሪያ የአሜሪካ ቲኬት የቆረጥን ሰሞን እትዬ እዚሁ ለንደን፣ ሃክኒ ቤታቸው ምሳ ጠርተውን እዚያ ማን እንዳለን ጠየቁን። ጥያቄያቸው ልክ ነበር። የኛ ሰው አሜሪካ የሚሄደው ዘመድ ሊጠይቅ ነው፤ ወይ ሠርግ፣ ወይ ክርስትና፣ ወይ ለቅሶ አለበት። እኛ ደግሞ የምንሄደው በእግራችን ልንሄድ ነበር። ይህ ለእትዬ እንዴት ተደርጎ ይነገራል? ከጎንደር ተነስተው አንተን የሰባት ዓመቱን ልጅ ግማሹን መንገድ አዝለው፣ ግማሹን እየጎተቱ ሱዳን የገቡ ሴት ናቸው። ለእሳቸው ሰው በእግሩ በረሃ የሚያቋርጠው የሚያሳድደው ሲኖር ነው። ታናሽ ወንድምዎ ማንም ሳያባርረው በአውሮፕላን ባሕር ተሻግሮ፣ ዕረፍቱን ወስዶ፣ ድንጋይ ለድንጋይ ሊሄድ ነው ብዬ ልንገራቸው? አንተ ሳህንህ ላይ አቀረቀርክ። ጭንቅ ሲለኝ የአክስቴ ልጅ ቨርጂንያ አለች አልኩ። ስሟን ቢጠይቁኝ ጥሩወርቅ አልኩ። ስሙ ከየት እንደመጣልኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የእኔዋ ጥሩወርቅ ስም ብቻ ነበረች። አንተ ነህ ከዚያ ጉዞ ስንመለስ ባል የሰጠሃት። በዓመቱ ልጆች ወለድክላት። ለምን እሷስ አንድ ጊዜ ለንደን መጥታ እንደማትጠይቀን እትዬ ሲገርማቸው ጉልበቷን አሳመምካት፣ አውሮፕላን ላይ መቀመጥ አትችልም አልክ። ስለ ጉልበቷ ጸሎት ሊያስይዙላት የክርስትና ስሟን ሲጠይቁህ ደግሞ ዓይንህን ሳታርገበግብ ወለተ ማርያም አልካቸው። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶብስ ላይ ተጣላን። አሁንስ አበዛኸው፣ እግዜርን ልትዋሽ ነው ወይ ብዬ ጮህኩብህ። አንተ ደግሞ በዓለም ላይ ጉልበቷን የሚያማት ወለተ ማርያም አትጠፋም፣ ጸሎቱ ሰው ያገኛል አልከኝ። ሳላስበው ሳቅሁ፣ ሳቅሁና ተሸነፍኩ።

ከዚያ ሽሮው መጣ። ጉዟችን ሁልጊዜ በፍልሰታ ላይ ስለሚውል፣ ጥሩወርቅ በዚያ በሰው አገር ምን በልታ ትጾማለች ብለው እትዬ ተጨነቁ። ሽምብራውን ራሳቸው ለቅመው፣ ቆልተው፣ ነጭ ሽንኩርቱንና በሶብላውን አድርቀው ጨምረው፣ በቤት መፍጫ እየደጋገሙ ፈጭተው፣ በከረጢት አሽገው "ለጥሩወርቅ" የሚል ወረቀት ይለጥፉበታል። በየዓመቱ፣ አስራ አንድ ጊዜ። ለእኛ ከሚሰጡን እንደሚሻል ታውቅ ነበር። ለሩቅ ሰው ነዋ የሚላከው! እኛም ለእሳቸው ጥሩወርቅ ላከችልዎ እያልን ስጦታ እንሰጣለን። ያ ቁልቋል የተጠለፈበት አረንጓዴ ሻርፕ ትዝ ይልሃል? አሪዞና ላይ ከነዳጅ ማደያ የገዛኸውን? በየእሁዱ ቤተክርስቲያን ይለብሱት ነበር።

አቤት መንገዱ፣ ታዴ። አስራ አንድ ወር ፌርማታ ላይ ካልሆነ አልቆምም፣ ከመስመሬ አልወጣም የምትል ሰው፣ የተከራየነውን መኪና ገና ስትይዝ ሌላ ሰው ትሆን ነበር። መንገድ ዳር የቆመ ምልክት ሁሉ ያንተ ነበር። በዓለም ትልቁ ወንበር ሲል ትታጠፋለህ። ከጠርሙስ የተሠራ ቤት ሲል ትታጠፋለህ። ሁለት ራስ ያለው ጥጃ ደርቆ በመስታወት ውስጥ አለ ሲል፣ እኔ ይህንስ አላይም ብዬ መኪና ውስጥ ስቀር፣ ገብተህ አይተህ ወጥተህ ሁለቱም የተከፉ ይመስላሉ ብለህ አዝነህ መጣህ። ካንሳስ ውስጥ ከበቆሎ በቀር ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ ያገኘነው የኮንክሪት ዶሮ ደግሞ አለ። ቁመቱ ሁለት ፎቅ ያህላል። አንድ ገበሬ ሚስቱን ለማስደሰት የሠራው ነው ብሎ የጎረቤቱ ሰውዬ ሲነግረን፣ ሚስቱስ ተደሰተች ወይ ብለህ ጠየቅኸው፤ ሰውዬው ጥቂት አሰበና ጥላው ሄዳለች አለህ። ከዶሮው እግር ሥር ተቀምጠህ እንባህ እስኪፈስ ሳቅህ። እኔን ዶሮው ሥር አቁመህ ፎቶ ስታነሳኝ እጅህ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ያ ፎቶ ሁሉም ነገሩ የተንሻፈፈ ነው። አልጋችን አጠገብ ነው ያለው።

ፎቶ አንሺው አንተ ስለሆንክ ከአስራ አንዱ ክረምት አንተ ያለህበት ፎቶ አንድ ብቻ ነው። እሱንም ያገኘነው በጥፋትህ ነው። ኮሎራዶ ላይ ተራራው መግቢያ ላይ በእንጨት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ መዝገብ ነበር። የሚወጣ ሰው ስሙን፣ የሰው ብዛቱን፣ የተነሳበትንና የሚመለስበትን ሰዓት ይጽፍበታል፤ በሰዓቱ ካልተመለሰ እንዲፈለግ ነው። አንተ መዝገብ ትወዳለህ፣ ሁልጊዜም የሰው ብዛት ላይ ሁለት ቁጥርን አግንነህ ነው የምትጽፈው። ያን ቀን ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ተነስተን አንድ ሰዓት ብለህ ጻፍክ፤ እንመለሳለን ያልከው አስር ሰዓት ነው። በሐበሻ ሰዓት! ለንደን ውስጥ ሃያ ዓመት ደቂቃ ሳታዛንፍ አውቶብስ የነዳህ ሰው፣ ሽርሽር ላይ ስትሆን ሰዓትህ ጎንደር ይገባ ነበር።

የፓርኩ ጠባቂ፣ ያቺ ፀጉሯ የሸበተው ሴት፣ እኩለ ቀን ላይ መዝገቡን ስታይ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተነስተው ጠዋት አራት ላይ መመለስ የነበረባቸው ሁለት ሰዎች ጠፍተዋል ብላ ተጨነቀች። በእነሱ አንድ ማለት ለእኛ ሰባት፣ አስር ማለት ደግሞ አራት ነው። ገመድና የመድኃኒት ሳጥን ተሸክማ እያለከለከች ስትደርስብን፣ እኛ ዛፍ ሥር ትንሿን የጋዝ ምድጃ አብርተን የጥሩወርቅን ሽሮ በሜክሲኮ ቂጣ እየበላን ነበር። አፍህ ስለሞላ መልስ መስጠት አቃተህ። እኔ በእጄ ፀሐይዋን እያሳየሁ በእኛ አገር ቀን ሲነጋ ሰዓቱ ይጀምራል ብዬ ባስረዳት፣ ሴትዮዋ መጀመሪያ ግንባሯን ያዘች፣ ቀጥሎ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ሳቀች። አጎረስናት። ተጨማሪ ጠየቀች። ከዚያ ስልኬን ተቀብላ አነሳችን። ጉንጭህ እንደሞላ፣ ጉርሻ በእጅህ እንደያዝክ፣ ዓይንህ በሳቅ ጠፍቶ ወጣህ።

ይህን ሁሉ ለማን ልንገረው? ለቅሶህ ላይ አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ አንተ ተናገረ። ጭምት ነበር፣ ሥራውን አክባሪ ነበር፣ ጥርሱን የማያሳይ ቁም ነገረኛ ሰው ነበር አሉ። ውሸት አይደለም። እኔ ግን ጥግ ተቀምጬ ስለ ማን ነው የሚያወሩት እላለሁ። የኮንክሪት ዶሮ ሥር ስለሳቀው ሰውዬ የሚያለቅስ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም ጮክ ብዬ ላለቅስለት አልቻልኩም፣ የቨርጂንያው ውሸታችን በመሃል ቆሟል።

ከሁሉ የእትዬ ለቅሶ አንጀቴን በላው። ሆስፒታል በነበርክባቸው ስድስት ሳምንታት በየቀኑ በሁለት አውቶብስ ከሃክኒ ምግብ እየያዙ ይመጡ እንደነበር ታውቃለህ። ጉሮሮህ ውሃ እንኳ አላሳልፍ ብሎ፣ ማንኪያውን ከንፈርህ ላይ አስነክተህ እጃቸውን ትስማለህ። ሳህኑን እንደሞላ ይዘው ይመለሳሉ። ደረታቸውን እየመቱ ያሉት ይህንኑ ነበር። "በረሃ ላይ የመጨረሻዋን እፍኝ በሶ ያጎረስኩት ልጅ ለንደን ላይ ከእጄ ሳይቀምስ ሄደብኝ" ይሉ ነበር። ሦስቱንም ቀን ሌላ ቃል አልወጣቸውም።

ከዚያ ጥሩወርቅን ጠበቁ። ሰልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ከጥሩወርቅ ስልክ የለም። አስራ አንድ ክረምት እቤቷ ያሳደረችው ሰው ሞቶ እንዴት አንድ ቃል አትልም? ታማለች አልኩ። ጸሎት ጨመሩላት። ከአገር ወጥታለች አልኩ። ተመልሳ ይሆናል አሉ። "ነምበሯን ቴክስት አድርጊልኝና እኔ ራሴ ኮል ላድርግላት" እያሉ በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፤ እኔም በየሳምንቱ አዲስ ምክንያት አመጣለሁ። በመጨረሻ ንዴታቸው ወደ እኔ ዞረ። የአንቺ ወገኖች ወንድሜን ከሰው አልቆጠሩትም አሉኝ። ቤት መምጣት ተዉ። ሙት ዓመትህ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የዝክሩን ነገር ልጠይቅ ብደውል፣ አንቺ ለብቻሽ አድርጊ፣ እኔም ለብቻዬ አደርጋለሁ ብለው ስልኩን ዘጉት።

ለአንድ ሰው ሁለት ሙት ዓመት! ታዴ፣ በዚህ ከተማ ከእትዬ ሌላ ዘመድ የለኝም። ልጅ የለን፣ እናት አባቴ የሉ። እውነቱን ብናገር ደግሞ የባሰ እንዳይሆን ፈራሁ። አስራ አንድ ዓመት በጸሎታቸውና በድካማቸው ተቀልዶባቸዋል፤ ያውም የሞተው ወንድማቸው አብሮ ቀልዷል። አንተን ከሞትክ በኋላ በዓይናቸው ላሳንስህ? ዝም ብዬስ እሳቸውን ልጣ? በምሠራበት የሕፃናት ማቆያ ልጆቹን እያስተኛሁ ይህንኑ ስፈጭ እውላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያን የኮሎራዶ ፎቶ፣ ፎቶም በሚያጥቡበት ፋርማሲ አሳጥቤ ሃክኒ ሄድኩ። እትዬ ለዝክሩ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቁጭ በይ አላሉኝም። እኔም ሳልቀመጥ ኮቴን እንደለበስኩ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ጥሩወርቅ የለችም፣ ኖራም አታውቅም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኳት አልኩ። እዚያ የምንሄደው ተራራ ለመውጣት፣ በእግር ለመሄድ፣ መንገድ ዳር የቆመ ጉድ ለማየት ነበር አልኩ። እርስዎ በእግርዎ መከራ ስላዩ አፍረን ነው የደበቅንዎት ብዬ ስጨርስ፣ ፎቶውን ምስሩ ላይ አስቀመጥኩት።

እትዬ መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። እንደሚጮሁብኝ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን ፎቶው ላይ አድርገው፣ ይህ በእጁ የያዘው ምንድን ነው አሉኝ። ሽሮ ነው አልኩ። የማን ሽሮ አሉኝ። የእርስዎ ነው፣ ለጥሩወርቅ የላኩት አልኩ። ጉንጭህን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት። አስራ አንዱንም ዓመት እናንተ ናችሁ የበላችሁት አሉ። አስራ አንዱንም፣ ታዴ ጨርሶ ከረጢቱን ያራግፍ ነበር አልኳቸው።

"እንግዲያው ከእጄ በልቷል" አሉ።

ከዚያ አለቀሱ። እንደ ለቅሶው ቀን አልነበረም፤ ደረታቸውን አልመቱም፣ ድምፅም አላሰሙ፤ እንባው ዝም ብሎ በመነጽሩ ሥር ወረደ። እኔም ኮቴን ሳላወልቅ እግራቸው ሥር ተቀምጬ የዓመቱን አለቀስኩ። እንዴት ሳይታየኝ ቀረ? መልሱን በስልኬ ይዤ አንድ ዓመት ሙሉ ሳህኑ እንደሞላ መመለሱን ሲያለቅሱ ሰምቻቸው ነበር።

አልደብቅህም፣ ተቆጥተዋል፣ ያንንም ልንገርህ። በጸሎት መቀለዳችን አንገብግቧቸዋል። ንስሐ ግቢ አሉኝ፣ ገባሁ። ወለተ ማርያምን ከጸሎቱ ላስወጣት ወይ ብላቸው ግን ትንሽ አሰቡና፣ ተያት፣ ጉልበቷን የሚያማት አትጠፋም አሉኝ። ቃል በቃል ያልከውን! እህትህ መሆናቸውን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ሻርፑ ከነዳጅ ማደያ መሆኑን ሲሰሙ ሳቁ። ስለ ተራራው ሲያስቡ ደግሞ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። "ያኔ አንዲት እርምጃ አልራመድም ብሎ ስንት ቀን አስለቅሶኝ፣ አሁን ለደስታ ሄደ?" ይላሉ። መልሰው መላልሰው ይሉታል። ደስ ብሏቸዋል መሰለኝ።

ሙት ዓመትህን አንድ ላይ አደረግን። አዳራሹ መግቢያ ላይ የተቀመጠው ፎቶህ ክራባት ያሰርክበት አልነበረም። የመረጡት እትዬ ናቸው። ሰው ሁሉ ይህ ታደሰ ነው ወይ እያለ ይቆማል፣ እሳቸውም ከእጄ ሲበላ ነው ይላሉ። የኮንክሪቱን ዶሮ ግን እኔ ነኝ ያወራሁላቸው። የገበሬው ሚስት ጥላው መሄዷ ላይ ስደርስ አዳራሹ ሳቀ። በሙት ዓመትህ ተሳቀልህ፣ ታዴ። ማታ ቤቴ ስገባ ደረጃውን በእግሬ ወጣሁት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ አረፍኩ።

ነሐሴ ላይ ኮሎራዶ እሄዳለሁ። ብቻዬን ነው። አንተ የሌለህበት መኪና ውስጥ መንገድ ዳር ምልክት ሳይ ምን እንደምሆን አላውቅም፣ እፈራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እትዬ መጥተው ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ወረቀት ለጥፈውበታል፣ ለጥሩወርቅ ይላል። ቀና ብዬ ባያቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ከዚያች ዛፍ ሥር አበስለዋለሁ። መዝገቡ ላይ ሰዓቱን በእነሱ አቆጣጠር እጽፋለሁ፣ ዳግመኛ ሰው አላስደነግጥም። የሰው ብዛት ላይ ግን እንዳንተ አግንኜ ሁለት ብዬ እጽፋለሁ። ያቺ ፀጉሯ የሸበተው ሴት መጥታ ሁለተኛው ሰው የት አለ ካለችኝ፣ አጎርሳትና እነግራታለሁ። ከእንግዲህ ስለ አንተ የጠየቀኝን ሰው ሁሉ አንድም ሳልደብቅ እነግረዋለሁ።

ያንተው ሰናይት